ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የሚቀረው ሙቀት፦ ስለ ትንንሽ የቱርቦ መኪናዎች ብልሽት ታሪክ

ረጅም ዳገት የወጣ አንድ አነስተኛ የቱርቦ መኪና ከባለቤቱ ደጃፍ ይቆማል። ሾፌሩ ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን ያጠፋና ወደ ቤቱ ይገባል። ለእርሱ ጉዞው አልቋል። በኮፈኖው ሥር ግን ሌላ ሥራ ገና መጀመሩ ነው። ከጥቂት ደቂቃዎች በፊት በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይሽከረከር የነበረው የቱርቦ ዘንግ ቆሟል፤ ዘይቱን ይገፋ የነበረው ፓምፕም ከሞተሩ ጋር አብሮ ቆሟል። ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ጭስ ሲጠበስ የቆየው የተርባይን ቤት ግን ሙቀቱን በአንድ ጊዜ የሚጥልበት ስፍራ የለውም። ሙቀቱ በዘንጉ በኩል ወደ ኩሽኔታው ያዘግማል። እዚያም ወራጅነቱ የተቋረጠና በቀጭኑ የዘንግ ዙሪያ የተኛ ጥቂት ዘይት ያገኛል፤ ያን ዘይት ይጠብሰዋል፤ ያጠቁረዋል፤ በመጨረሻም ወደ ከሰልነት ይለውጠዋል።

ይህ ነገር አንድ ቀን ቢደርስ ጉዳት የለውም። ሺሕ ጊዜ ሲደጋገም ግን የዘይቱ መተላለፊያ ይጠባል፣ ኩሽኔታው ይደርቃል፣ ዘንጉ ይዋልላል፣ የመጭመቂያው ክንፍም ከቤቱ ግድግዳ ጋር ይፋተጋል። ያን ጊዜ ታዲያ መኪናው በመጀመሪያው ባለቤት እጅ ላይኖር ይችላል። የትንንሽ የቱርቦ መኪናዎች ብልሽት ታሪክ ዋና ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ ጥፋቱን የሚሠራው አንድ ሰው፣ ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። ጉድለቱ እንዴት እንደ ተወለደ፣ መሐንዲሶች እንዴት እንደ ታገሉት፣ አንዱን መድኃኒት ሲያገኙለት ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ ምን ዓይነት በሽታ እንዳመጣ ከዚህ በታች ይተረካል። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የቱርቦ ሐሳብ ከስዊትዘርላንድ ነው። አልፍሬድ ቡኪ የተባለው መሐንዲስ በ1905 ባስመዘገበው ፓተንት፣ ከሞተር ወጥቶ ያለ ጥቅም ወደ ሰማይ የሚበተነው ጭስ ገና ጉልበት ያለው መሆኑን ተመልክቶ፣ ይህ ጉልበት ተርባይን እንዲያሽከረክር፣ ተርባይኑም በአንድ ዘንግ የተያያዘውን መጭመቂያ እንዲያዞር፣ መጭመቂያውም ለሞተሩ የታመቀ አየር እንዲያቀርብ አሰበ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሥራው ግን ሃያ ዓመት ፈጀ። የተሟላ ውጤት የተገኘው በ1920ዎቹ አጋማሽ፣ «ፕሮይሰን» እና «ሐንዘስታት ዳንዚግ» በተባሉት ሁለት የጀርመን የመንገደኛ መርከቦች ላይ ሲሆን፣ የእያንዳንዱ ባለ አሥር ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ጉልበት ከ1,750 ወደ 2,500 የፈረስ ጉልበት ከፍ አለ። የመርከብ ሞተር ቀስ ብሎ የሚዞር፣ ለቀናት ሳያቋርጥ የሚሠራ፣ አጠገቡም ዘወትር መካኒክ የሚቆምለት ነው። ሲጠፋም በሥርዓት፣ ቀስ በቀስ እየቀዘቀዘ ነው የሚጠፋው። ስለዚህ ከላይ የተነገረው የዘይት ክሰላ በመርከብ ላይ እምብዛም ችግር አልነበረም። ማሽኑ የታሰበው ሥርዓት ላለው ሰው ነበር ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው የቱርቦ ትምህርት ቤት ከፍታ ነው። በ1918 የጄነራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ የነበረው ሳንፎርድ ሞስ አንድ «ሊበርቲ» የተባለ የአውሮፕላን ሞተር በኮሎራዶ ወደሚገኘው ፓይክስ ፒክ ተራራ አስወጣ፤ ከፍታው 4,300 ሜትር ያህል ነው። በባሕር ወለል 350 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው ይህ ሞተር በተራራው ራስ ላይ አየሩ ስለ ሳሳ 230 ብቻ ሰጠ። ቱርቦው ሲገጠምለት 356 ደረሰ። ይህ ሙከራ ለደጋ አገር ሰው ከታሪክነት ያለፈ ትርጉም አለው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ በመሆንዋ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ከከተማዋ በር ላይ ጥሎ ነው የሚገባው። ቱርቦ ያለው ሞተር ይህን ጉድለት ይሞላል። የሚሞላው ግን በነጻ አይደለም። አንድ ሞተር 170 ኪሎፓስካል አየር የሚፈልግ ቢሆን፣ በባሕር ወለል መጭመቂያው አየሩን 1.7 ጊዜ ማመቅ ይበቃዋል፤ በአዲስ አበባ ግን 2.2 ጊዜ ማመቅ ይኖርበታል። ለዚህም ዘንጉ የበለጠ ይፈጥናል፣ የሚወጣው አየር የበለጠ ይሞቃል፣ ኩሽኔታውም የበለጠ ይለፋል። ቆላ ላይ የተሠራ የአገልግሎት መመሪያ ይህን አያውቅም።

በ1938 የስዊሱ ሳውረር ፋብሪካ ቱርቦን በጭነት መኪና ላይ አዋለው። ወደ ቤት መኪና ለመውረድ ግን ሌላ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ማለፍ ነበረበት። በ1962 በአሜሪካ በወራት ልዩነት ሁለት መኪናዎች ወጡ፤ አንደኛው የሸቭሮሌ «ኮርቬር ሞንዛ ስፓይደር»፣ ሁለተኛው የኦልድስሞቢል «ጄትፋየር» ነው። ሁለቱም በአሜሪካኖች ሚዛን አነስተኛ የሚባሉ መኪናዎች ነበሩ።

ጄትፋየር ልዩ ትኩረት የሚገባው ነው፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ የመጀመሪያው ታላቅ ስሕተት የተሠራው በእርሱ ላይ ነውና። ሞተሩ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ 3.5 ሊትር፣ ከአሉሚኒየም የተሠራ ሲሆን (ይኸው ሞተር በኋላ ለእንግሊዙ ሮቨር ተሸጦ ለአሥርት ዓመታት አገልግሏል) በቱርቦ 215 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። እንግዲህ አየር ሲታመቅ ይሞቃል። በሲሊንደር ውስጥ ደግሞ እንደገና ይታመቃል። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ነዳጁ ካንዴላው ሳያዝዘው በራሱ ጊዜ ይፈነዳል፤ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ፒስተኑም ይቀጠቀጣል። ይህን ለመከላከል የተለመደው መንገድ የሞተሩን የእመቃ መጠን መቀነስ ነው። የኮርቬር መሐንዲሶች ይህንኑ አደረጉና ወደ 8 ለ 1 አወረዱት። የጄትፋየር መሐንዲሶች ግን ቱርቦው ገና ሳይነሣ ሞተሩ ሰነፍ እንዳይሆንባቸው ብለው 10.25 ለ 1 ላይ ተዉት። ማንኳኳቱን ለማስቀረት ደግሞ ከተጣራ ውኃ፣ ከሜታኖልና ከጥቂት የዝገት መከላከያ የተቀመመ ፈሳሽ ከታመቀው አየር ጋር እንዲረጭ አደረጉ። ስሙንም «ቱርቦ ሮኬት ፈሳሽ» አሉት። በኮፈኖው ሥር ለብቻው ማጠራቀሚያ ተሠራለት።

በምሕንድስና ረገድ ነገሩ ብልሃት ነው፤ ሥራውም ትክክል ነበር። ፈሳሹ ባለቀ ጊዜ የቱርቦውን ግፊት የሚገድብ ቫልቭም ተበጅቶለት ነበር። ያልታሰበው ሰውየው ነው። መኪናውን የገዙት ብዙዎቹ ሰዎች ፈሳሹን መሙላት ረሱ፤ ወይም ለምን እንደሚሞላ አልገባቸውም። ፈሳሹ ሲያልቅ መኪናው ይለግማል፤ ባለቤቱ «ሞተሩ ደከመ» ብሎ ወደ ጋራዥ ይወስደዋል፤ በጋራዡ ያለው መካኒክ ደግሞ ቱርቦ የሚባለውን ነገር በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ከሁለት የምርት ዘመን በኋላ፣ በጠቅላላው 9,607 መኪናዎች ከተሠሩ ወዲያ፣ ሥራው ቆመ። በ1965 ኩባንያው ቱርቦው ተነሥቶ ተራ ባለ አራት አፍ ካርቡራተር ያለ ክፍያ እንዲገጠምላቸው ለባለቤቶቹ ሐሳብ አቀረበ። ብዙዎቹም ተቀበሉ። ተነቅሎ የተጣለውን ዕቃ ዛሬ የጥንት መኪና አዳሾች በብርቱ ይፈልጉታል።

የኮርቬር መንገድ ሌላ ነበር። ጭስን የሚያሳልፍ መቆጣጠሪያ ቫልቭ እንኳ አልነበረውም፤ የግፊቱን ልክ የሚወስነው የማርሚታው ጥበት ነበር። አዲስ ማርሚታ ሰፋ አድርጎ ያሠራ ባለቤት ሳያውቀው የሞተሩን ጥበቃ አነሣ ማለት ነው። የሆነ ሆኖ ይህ መኪና ከጄትፋየር የረዘመ ዕድሜ አገኘ። ለባለቤቱ የቤት ሥራ አልሰጠውምና።

አውሮፓ ሙከራውን በ1973 ያዘች። ቢ.ኤም.ደብልዩ በፍራንክፈርት ትርዒት ያቀረበው «2002 ቱርቦ» 170 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ የእመቃው መጠን ወደ 6.9 ለ 1 ስለ ወረደ ግን ቱርቦው እስኪነሣ ድረስ መኪናው ከተራው ወንድሙ የደከመ ነበር፤ ሲነሣ ደግሞ በድንገት ነው። ሾፌሩ ጠምዛዛ ላይ እያለ ቢነሣበት ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። በዚያው ዓመት መጸው የነዳጅ ችግር መጣና መኪናው 1,672 ብቻ ተሠርቶ ቀረ። ስለ ብልሽቱ ብዙ የሚነገር የለም፤ ለመበላሸት የሚያበቃ ጊዜም አላገኘም።

ቱርቦን የዘወትር መኪና አካል ያደረገችው ስዊድን ናት። ሳዓብ ከጭነት መኪና ሠሪው ስካኒያ ጋር በ1969 ተዋሕዶ ነበር፤ ስካኒያም በዚያው ዓመት 350 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ባለ ስምንት ሲሊንደር የቱርቦ ናፍጣ ሞተር አውጥቶ ነበር። ስለዚህ ቱርቦ ለዚህ ቤት እንግዳ አልነበረም። ፔር ጊልብራንድ የተባለው መሐንዲስ የመራው ቡድን ጥያቄውን ገለበጠው። ከዚያ በፊት የነበሩት «ሞተሩ ከፍተኛ ጉልበት እንዲሰጥ ምን ያህል ትልቅ ቱርቦ ይገጠም?» ይሉ ነበር። እነ ጊልብራንድ ግን «ሰው በየቀኑ በሚነዳበት ፍጥነት የሚነሣ ምን ያህል ትንሽ ቱርቦ ይገጠም?» አሉ። ትንሽ ተርባይን ቶሎ ይፈጥናል፤ በከፍተኛ ዙር ግን ከልክ ያለፈ ግፊት ያመጣል። ስለዚህ ግፊቱ ከተወሰነው ልክ ሲደርስ ትርፉን ጭስ ተርባይኑን ሳይነካ ወደ ማርሚታ የሚያሳልፍ ቫልቭ አደረጉለት። አንድ መቶ መኪናዎች ለሙከራ ተሠርተው በተለያዩ ሰዎች እጅ ተነዱ። በ1977 በፍራንክፈርት የቀረበው «ሳዓብ 99 ቱርቦ» ከሁለት ሊትር ሞተር 145 የፈረስ ጉልበት አወጣ። ዛሬ በየመንገዱ የሚታየው የቱርቦ መኪና ሁሉ የዚህ አስተሳሰብ ልጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሳዓብ መኪና ጉድለቶች ግን ለመካኒክ መማሪያ የሚሆኑ ናቸው። ሞተሩ ዘንበል ብሎና ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የተቀመጠ ሲሆን፣ ካምቢዮው ከሥሩ ተኝቷል፤ ፍሪሲዮኑ ከፊት በኩል ነው። ይህ አቀማመጥ ፍሪሲዮን ለመቀየር የሚመች ነው፤ ሞተሩን ማውረድ አያስፈልግም። ነገር ግን ካምቢዮው በመጀመሪያ የታሰበው ከዚህ በጣም ለደከመ ሞተር ነበር። ቱርቦው የጨመረውን ጉልበት ሞተሩ ቻለው፤ ጥርሶቹና ኩሽኔታዎቹ ግን እየደከሙ ሄዱ። የተጠቀመ የሳዓብ ቱርቦ የሚገዛ ሰው ጆሮውን መጀመሪያ ወደ ካምቢዮው የሚያዘነብለው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለው ነገር በቱርቦ መኪና ታሪክ ደጋግሞ የሚመጣ ነው፤ ጉልበቱ በአንድ ስፍራ ይጨመራል፣ ድካሙ በሌላ ስፍራ ይታያል።

ሁለተኛው ጉድለት መግቢያው ላይ የተነገረው ነው። የዚያ ዘመን ቱርቦ የሚቀዘቅዘው በዘይት ብቻ ነበር። ዘንጉ ከነሐስ በተሠራ ቀለበት ውስጥ በዘይት ስስ ንጣፍ ላይ ተንሳፎ ይሽከረከራል፤ ብረት ብረትን አይነካም። ዘይቱ ማለስለሻም፣ ማቀዝቀዣም፣ ተሸካሚም ነው። በየመመሪያው መጽሐፍ «ከረጅም ወይም ከፈጣን ጉዞ በኋላ ሞተሩን ከማጥፋት በፊት ለአንድና ለሁለት ደቂቃ ያለ ጭነት እንዲሠራ ያድርጉ» የሚል ቃል ተጻፈ። ቃሉ ትክክል ነው። ነገር ግን የጄትፋየርን ፈሳሽ የረሳ ሰው ይህን እንደማይረሳ ማን ዋስ ይሆናል? በጃፓን ቁልፉ ከወጣ በኋላ ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ አቆይቶ የሚያጠፋ ሰዓት እስከ መግጠም ተደረሰ።

በ1980ዎቹ ይህን ችግር ከሌላው ሁሉ አጉልቶ ያሳየ አንድ ትንሽ መኪና ነበር፤ በ1985 የወጣው «ሬኖ 5 ጂ.ቲ. ቱርቦ» ነው። የሞተሩ ብሎክ ዝርያው ከ1962 ጀምሮ የነበረ፣ ከብረት የተቀለጠ፣ 1.4 ሊትር፣ በካርቡራተር የሚሠራ ነው። ቱርቦው የታመቀውን አየር በካርቡራተሩ ውስጥ አሳልፎ ይነፋል። ክብደቱ ከአንድ ሺሕ ኪሎ በታች ለሆነ መኪና 115 የፈረስ ጉልበት ተሰጠው። ወጣቶች ወደዱት። ነገር ግን በዚያ ጠባብ ኮፈኖ ሥር ቱርቦው፣ የጭስ መሰብሰቢያውና ካርቡራተሩ ተፋፍገው ነው የሚኖሩት። መኪናው ሮጦ ሲቆም ሙቀቱ ወደ ካርቡራተሩ ይወጣል፤ በውስጡ ያለው ቤንዚን ይተናል። ባለቤቱ ዳቦ ገዝቶ ሲመለስ መኪናው አይነሣም። ሩብ ሰዓት ቢጠብቅ ግን ምንም እንዳልሆነ ይነሣል። ብዙ ባለቤቶች ይህን የኤሌክትሪክ ብልሽት መስሎአቸው ካንዴላና ባትሪ ለውጠዋል። በ1987 ሞተሩ ሲሻሻል ቱርቦው በውኃ እንዲቀዘቅዝ ተደረገ፤ ጉልበቱም ወደ 120 ከፍ አለ።

በውኃ ማቀዝቀዝ የታሪኩ መታጠፊያ ነው። የኩሽኔታው ቤት ዙሪያ የውኃ መተላለፊያ ተሠራለት፤ ውኃው ከራዲያተሩ ይመጣል። ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑ ቢቆምም፣ የሞቀው ውኃ በራሱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ይተካዋል፤ ሙቀቱም ከዘይቱ ይልቅ ወደ ውኃው ይሄዳል። የዘይት ክሰላ በእጅጉ ቀነሰ። ሰው ሠራሽ ዘይትም እየተስፋፋ ሲሄድ ያገዘው ነገር አለ። በዚያው ዘመን ሳዓብ በ1982 የሞተሩን ማንኳኳት በጆሮ መሰል መሣሪያ ሰምቶ የቱርቦውን ግፊት ራሱ የሚቀንስ የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት አወጣ። ነዳጁ ደካማ ሲሆን ግፊቱ ይቀንሳል፤ ጥሩ ሲሆን ይጨምራል። ጄትፋየር በጠርሙስ ፈሳሽ ሊፈታው የሞከረውን ችግር ሃያ ዓመት ቆይቶ ሽቦ ፈታው፤ ሰውየው የሚሞላው ነገር ሳይኖር።

እዚህ ላይ ታሪኩ ያለቀ ይመስላል። አላለቀም።

ከሁለት ሺሕ ዓመተ ምሕረት ወዲህ የጭስ ሕግ እየጠበቀ ሲሄድ ቱርቦ ዓላማውን ለወጠ። ቀድሞ ለጉልበት ይገጠም የነበረው አሁን ሞተርን ለማሳነስ ይገጠም ጀመር። በ2002 ቢ.ኤም.ደብልዩና ፔዦ ሲትሮዌን ትንንሽ የቤንዚን ሞተሮችን በጋራ ለመሥራት ተስማሙ። ከዚህ ስምምነት የተወለደው 1.6 ሊትር የቱርቦ ሞተር «ሚኒ ኩፐር ኤስ» በተባለው መኪናና በብዙ የፔዦና የሲትሮዌን መኪናዎች ላይ ተገጠመ። በሚኒው ላይ 175 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል፤ ነዳጁ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር ይረጫል። በዓለም አቀፉ «የዓመቱ ሞተር» ሽልማት በመደቡ ከ2007 እስከ 2014 ስምንት ጊዜ በተከታታይ አሸንፏል። ሽልማቱን የሰጡት ዳኞች ሞተሩን ያዩት አዲስ ሳለ ነው። የተጠቀመ መኪና የሚገዙ ሰዎች ደግሞ ያዩት ኋላ ነው፤ የእነርሱ አስተያየት ከዳኞቹ የተለየ መሆኑ አያስደንቅም።

በዚህ ሞተር ላይ የዘይት ክሰላን ለማጥፋት መሐንዲሶቹ አንድ እርምጃ ተጨማሪ ሄዱ። ውኃው በራሱ እስኪዘዋወር ከመጠበቅ፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ በባትሪ የምትሠራና ውኃውን በቱርቦው ዙሪያ የምታዞር ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ገጠሙ። ሾፌሩ የሚያስታውሰው ነገር የለም፤ የሚጠብቀው ደቂቃ የለም። ከቡኪ ዘመን ጀምሮ የተፈለገው ነገር ተገኘ ያሰኛል። በጥር 2012 ግን ቢ.ኤም.ደብልዩ በዓለም ዙሪያ 235,535 የሚኒ ቱርቦ መኪናዎችን ለጥገና ጠራ፤ ከእነዚህ 88,911 የሚሆኑት በአሜሪካ የነበሩ ናቸው። ምክንያቱ ያቺው ፓምፕ ነበረች። በውስጧ ያለው የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ሊበላሽና ከልክ በላይ ሊሞቅ፣ ሊጨስ፣ ከዚያም አልፎ እሳት ሊያስነሣ ይችል ነበር። ሥራዋ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ በመሆኑም፣ አደጋው መኪናው ቆሞ ሰው ከአጠገቡ በሌለበት ጊዜ ሊደርስ የሚችል ነው። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የሚቀረውን ሙቀት ለማስወገድ የተሠራ ዕቃ፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ሌላ ሙቀት አመጣ።

ይህ ግን በጥሪ የተጠገነ፣ ኩባንያው የከፈለበት ብልሽት ነው። የሁለተኛውን ባለቤት ኪስ የነኩት ሌሎቹ ናቸው። የካምሻፍቱ ካቴና መወጠሪያ ይደክማል፤ ካቴናው ይላላል፤ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ሲነሣ ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ጠጠር የመሰለ ድምፅ ያሰማል። መወጠሪያው የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። ሞተሩ ደግሞ ዘይት የመብላት ጠባይ አለው። ባለቤቱ የዘይቱን መጠን ሳያይ ቢነዳ፣ ዘይቱንም ሻጩ ባስተዋወቀው ረጅም ጊዜ ብቻ ቢለውጥ፣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ መወጠሪያው ይለቃል፣ ካቴናው ጥርስ ከዘለለም ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫሉ። ያን ጊዜ ቴስታታው ይወርዳል፤ የጥገናው ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ጋር የሚፎካከርበት ጊዜ ብዙ ነው። ዘይት በየስንት ኪሎ ሜትር ይለወጥ የሚለው ጥያቄ እንግዲህ የመካኒክ ብቻ አይደለም። ረጅም የዘይት ዘመን አዲሱን መኪና በወረቀት ላይ ርካሽ ያስመስለዋል፤ የሦስት ዓመት ባለቤት ይጠቀማል፤ የስምንተኛው ዓመት ባለቤት ይከፍላል።

በቀጥታ የሚረጨው ነዳጅም የራሱን ጣጣ አምጥቷል። ቀድሞ ቤንዚኑ በቫልቩ ጀርባ ላይ እያለፈ ያጥበው ነበር። አሁን ቫልቩን ሳይነካ ሲሊንደር ውስጥ ስለሚገባ፣ ከሞተሩ ሆድ የሚመለሰው የዘይት ትነት በቫልቩ ጀርባ ላይ ተጋግሮ ይጠቁራል። ሞተሩ ያለ ጭነት ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፤ ጉልበቱም ይቀንሳል። ጋራዦች ይህን የሚያጸዱት የተፈጨ የለውዝ መሰል ፍሬ ቅርፊት በአየር ግፊት እየነፉበት ነው። ብረቱን ሳይጎዳ ከሰሉን የሚያነሣው ይህ ነው። ከዚሁ ትውልድ ሞተሮች ጋር የመጣ ሌላም እንግዳ ነገር አለ፤ በዝቅተኛ ዙር ከፍተኛ ጭነት ሲደረግ የዘይት ጠብታ ወይም ትንሽ ጥላሸት ነዳጁን ካንዴላው ሳይደርስ ያቀጣጥለዋል። አንድ እንዲህ ያለ ፍንዳታ ፒስተንን ሊሰብርና ፋሻውን ሊቆርጥ ይችላል። በዘይቱ ውስጥ ያለው የካልሲየም ማጽጃ ነገሩን እንደሚያባብሰው በጥናት ስለ ታወቀ፣ በ2018 የወጣው የአሜሪካ የዘይት ደረጃ ይህን የሚመረምር ሙከራ ጨመረ። «ዘይት ዘይት ነው» የሚለው የጋራዥ አባባል ከዚያ ወዲህ ለቱርቦ ሞተር አይሠራም።

የፔዦ ሲትሮዌን ቀጣይ ትንሽ ሞተር፣ 1.2 ሊትር ባለ ሦስት ሲሊንደሩ፣ ከካቴና ወደ ቺንጋ ተመለሰ፤ ቺንጋውም በሞተሩ ዘይት ውስጥ እየተነከረ እንዲሠራ ተደረገ። በዘይቱ ውስጥ የሚቀላቀል ቤንዚን ጎማውን ይበላዋል፤ የሚረግፈው ፍርፋሪ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል፤ ግፊቱ ሲወርድ ቱርቦው ከተጎጂዎች አንዱ ይሆናል። የኩባንያው ወራሽ ስቴላንቲስ በ2024 የዚህን ዋስትና ወደ 10 ዓመት ወይም 175,000 ኪሎ ሜትር አራዘመ። ዋስትናው ግን የተሰጠው አገልግሎቱ በወቅቱ መደረጉን በወረቀት ማስረዳት ለሚችል ሰው ነው። የተጠቀመ መኪና ሲሸጥ መጀመሪያ የሚጠፋው ደግሞ ይኸው ወረቀት ነው።

እንዲህ ያለውን መኪና የሚመረምር ባለሙያ ብዙ መሣሪያ አያስፈልገውም። ከአየር ፊልትሮው ወደ ቱርቦው የሚሄደውን ቱቦ ይፈታና የመጭመቂያውን ዘንግ በጣቱ ይይዛል። ወደ ጎን ጥቂት ቢወላወል ተፈጥሮው ነው፤ ዘይት ሲገባበት ይሞላዋል። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ቢንቀሳቀስ ግን፣ ወይም ክንፉ ግድግዳውን የፋቀበት ምልክት ቢታይ፣ ኩሽኔታው አልቋል። ወደ ቱርቦው የሚሄደው ቀጭን የዘይት ቧንቧ ሲፈታ ውስጡ የጠቆረና የጠበበ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት ሞተሩን እንዴት ያጠፋ እንደነበረ ይናገራል። ቱርቦውን ለውጦ ያንን ቧንቧ የሚተው መካኒክ አዲሱንም ቱርቦ በቅርቡ ይቀብራል። የዘይቱን መጠን መለኪያ ዘንግ ማውጣት፣ የመሙያውን ክዳን ከፍቶ ውስጡን ማየት፣ በፍጥነት ሲነሣ ሰማያዊ ጭስ መኖሩን ከኋላ ሆኖ መመልከት የዚህ ምርመራ ቀሪው ክፍል ነው።

የካቴናው ምርመራ ግን ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ሲቀዘቅዝ ብቻ የሚቻል ነው፤ ሲሞቅ ድምፁ ይጠፋል። ይህን ነጋዴውም ያውቃል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ከሻጩ ደጅ ሲደርስ፣ ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ እጁን ከኮፈኖው ላይ ያኖራል። ብረቱ የሞቀ ከሆነ ስለ ዋጋ አይነጋገርም፤ ነገ ማለዳ፣ ማንም ሞተሩን ሳያስነሣው እንደሚመለስ ነግሮ ይሄዳል።